ነፋሱ ወደ ቁጥር ይመንዘር

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣
ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣
ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ፤
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የነፋስ ትንበያ ለአየር ትራፊክ ፍሰት አስተዳደር በሚያገለግል ቁጥር እንዲቀርብ ስለ መጠየቅ

አንድ አየር ማረፊያ በሰዓት ስንት አውሮፕላን ሊያሳርፍ እንደሚችል የሚወስኑት የመንደርደሪያው ርዝመት፣ የተርሚናሉ ስፋትና የተቆጣጣሪዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆኑ በዚያ ሰዓት የሚነፍሰው ነፋስም ጭምር ነው። ይህ ለሙያው ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ በየመንደርደሪያው አጠገብ የነፋስ መለኪያ የሚተከለው፣ የአየር ማረፊያ ትንበያም በየስድስት ሰዓቱ የሚታደሰው ስለዚሁ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚያቀርበው ጥያቄ ከዚያ አንድ እርምጃ ያልፋል። የነፋሱ መለካትና መተንበይ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ትንበያው የአውሮፕላኖችን ፍሰት ለሚያቅደው ባለሙያ በሚጠቅም መልክ፣ ማለትም «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ በዚህኛው ጫፍ በኩል፣ በሰዓት ይህን ያህል አውሮፕላን ይስተናገዳል» በሚል ቁጥር ተመንዝሮ ሊቀርብ ይገባል የሚል ነው። ታክሲ ውስጥ ትልቅ ብር የያዘ ተሳፋሪ ገንዘብ ባይጎድለውም ዝርዝር ከሌለው ረዳቱን ማስቸገሩ እንደማይቀር ሁሉ፣ ያልተመነዘረ የነፋስ ትንበያም ትክክል ሆኖ ሳለ ለሥራ ሳይውል ሊያልፍ ይችላል።

ነገሩን ከመሠረቱ ለማየት፣ አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ክንፍ የሚሸከመው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ፍጥነት እንጂ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ባለው ፍጥነት ስላልሆነ፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ በአነስተኛ የመሬት ፍጥነት ለመነሣትና ለማረፍ ይረዳል፤ ከኋላ የሚመጣው ግን የመሬት ፍጥነቱን ስለሚጨምር ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት ያስረዝማል። በሙያው አነጋገር የመጀመሪያው የፊት ነፋስ፣ ሁለተኛው የኋላ ነፋስ፣ አውሮፕላኑን ከመስመሩ ወደ ጎን የሚገፋው ደግሞ የጎን ነፋስ ይባላል። የነፋስ አቅጣጫ የሚጠራው በሚሄድበት ሳይሆን በሚመጣበት በኩል ነው፤ ፍጥነቱ የሚለካበት ኖትም በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች ሲኖሩት፣ ሁለቱም በአንደኛው ጫፋቸው 07 በሌላኛው ደግሞ 25 የሚል ቁጥር ይዘዋል። ቁጥሩ የኮምፓስ ዲግሪ ለአሥር ተካፍሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ 07 ማለት ወደ 70 ዲግሪ ገደማ፣ ይኸውም ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የሚያመለክት አቅጣጫ ነው፤ 25 ደግሞ ተቃራኒው፣ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የሚያመለክተው ነው። የምሥራቅ ነፋስ በሚያይልበት በበጋ የ07 አቅጣጫ፣ እርጥብ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በሚገባበት በክረምት ደግሞ የ25 አቅጣጫ ተመራጭ ይሆናል። በወቅቶች መካከል፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቀን ውስጥ፣ ነፋሱ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ይዞራል፤ ለፍሰት አስተዳደር ዋነኛው ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ መዞሪያ ላይ ነው።

ነፋስ አቅምን የሚቀንስበት የመጀመሪያው መንገድ በቀላል ስሌት ይታያል። ከትልቅ አውሮፕላን ክንፍ ጫፍ ተነሥቶ በኋላው የሚቀር የአየር አዙሪት ተከትሎ የሚመጣውን አውሮፕላን ሊገለብጥ ስለሚችል፣ ተቆጣጣሪዎች በሁለቱ መካከል የተወሰነ ርቀት ይጠብቃሉ። ይህ ርቀት 5 ኖቲካል ማይል ነው ቢባልና አውሮፕላኖቹ በ160 ኖት የመሬት ፍጥነት ወደ መንደርደሪያው ቢቀርቡ፣ በየ112 ሰከንድ ተኩሉ አንድ፣ በሰዓት 32 አውሮፕላኖች ያርፋሉ። የ30 ኖት የፊት ነፋስ ቢነሣ ግን የመሬት ፍጥነቱ ወደ 130 ኖት ይወርዳል፤ ያንኑ 5 ማይል ለመጨረስ 138 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ በሰዓት የሚያርፉት 26 ብቻ ይሆናሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያርፉ የታቀዱት 32 አውሮፕላኖች በዚህ ነፋስ ሲስተናገዱ የመጨረሻው ከ13 ደቂቃ በላይ ይዘገያል፤ የሁሉም መዘግየት ሲደመር ደግሞ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ይህ ለማስረዳት የቀረበ ስሌት እንጂ የአንድ የተወሰነ አየር ማረፊያ መለኪያ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም ሳያጠፋ፣ ምንም መሣሪያ ሳይበላሽ፣ የሦስት ሰዓት ተኩል በረራ በነፋስ ብቻ እንዴት እንደሚባክን በግልጽ ያሳያል።

የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ከዚሁ ችግር የወጣበት መንገድ ትምህርት ሰጪ ነው። ሂትሮው ሁለት መንደርደሪያዎች ብቻ ይዞ እስከ አቅሙ ጫፍ የሚሠራ በመሆኑ፣ ኃይለኛ የፊት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚጠፋው የማረፊያ ቦታ ሊካካስ አይችልም ነበር። የእንግሊዝ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፕላኖች መካከል የሚጠበቀውን ልዩነት በርቀት ሳይሆን በጊዜ መለካት ጀመረ። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ቢታሰብ፣ 112 ሰከንድ ተኩሉ ሳይነካ ርቀቱ በ130 ኖት ወደ 4 ማይል ገደማ ይጠባል ማለት ነው። ይህ ለደኅንነት አደገኛ የማይሆነው፣ ኃይለኛ ነፋስ ያንኑ የአየር አዙሪት ቶሎ ስለሚበትነው ነው። አሠራሩ የሚቆመው ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ወደ መንደርደሪያው በሚያወርደው መስመር ላይ በየከፍታው የሚነፍሰው ነፋስ በትክክል መታወቅ አለበት። በሌላ አነጋገር ሂትሮው አዲስ መንደርደሪያ ሳይሠራ ያገኘው አቅም የተገኘው ከነፋስ መረጃ ነው።

በቦሌ የነፋስ ጉዳይ ከሂትሮው የሚለይበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መጓዝ ይኖርበታል። በባሕር ጠረፍ አየር ማረፊያ በ140 ኖት የሚያርፍ አውሮፕላን በቦሌ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ 140 ቢያሳይም፣ እውነተኛ ፍጥነቱ 160 ኖት ገደማ ይደርሳል። ፍሬን የሚያበርደው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ነፋስ በሌለበት እንኳ በቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን በጠረፍ ከሚያርፈው በ30 በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ይዞ መሬት ይነካል። በዚህ ላይ 10 ኖት የኋላ ነፋስ ሲጨመር የመሬት ፍጥነቱ 170 ኖት ይሆናል፤ 10 ኖት የፊት ነፋስ ቢሆን ኖሮ 150 ይሆን ነበር። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ሩብ ያህል ስለሆነ፣ በጠረፍ አየር ማረፊያ «ትንሽ ነፋስ ነው» ተብሎ የሚታለፈው በቦሌ የአቅጣጫ ለውጥ የሚያስገድድ ሊሆን ይችላል።

አቅጣጫ መለወጥ ደግሞ በመቆጣጠሪያ ማማው ላይ የአንድ ቃል ትእዛዝ ቢመስልም በመሬትና በአየር ብዙ ሥራ ያስነሣል። በ07 በኩል ለመነሣት ተሰልፈው የቆሙት አውሮፕላኖች ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ርቀት ተጉዘው ወደ ሌላኛው ጫፍ መዞር አለባቸው፤ ወደ ማረፊያው ቀርበው የነበሩት አንድም ማረፋቸውን ይጨርሳሉ፣ አንድም ከመስመሩ ወጥተው በተቃራኒው በኩል እንደገና ይሰለፋሉ፤ አብራሪዎቹ በበረራ ኮምፒውተራቸው ላይ የነበረውን የአቀራረብ ሥርዓት ሰርዘው አዲሱን አስገብተው እርስ በርሳቸው መገለጫ ይሰጣጣሉ፤ ተቆጣጣሪዎቹም በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ባዶ ጊዜ ለመፍጠር መነሣትን ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆማሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰማዩ ጭር ባለ ሰዓት ከሆነ ማንም አይጎዳም። ሃያ አውሮፕላን በተከታታይ በሚመጣበት ሰዓት ከሆነ ግን ውጤቱ በአየር ላይ የሚዞር ወረፋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአርባ ደቂቃ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ እንደሚዞር ቀድሞ የታወቀለት ማማ ለውጡን በሁለት ወረፋዎች መካከል ባለው ክፍተት ያስገባዋል።

በቦሌ ወረፋው የዘፈቀደ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባን የመገናኛ ማዕከል አድርጎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ንጋት ላይ ከአውሮፓ፣ ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአሜሪካ የሚመጡት በረራዎች ተከታትለው ያርፋሉ፤ ረፋድ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሣሉ፤ ከምሽቱ ጀምሮ ደግሞ ከአፍሪካ ተመላሾቹ ገብተው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ ሩቅ አገሮች የሚሄዱት ይወጣሉ። የሙያው ሰዎች ይህን እንደ ማዕበል የሚመጣና የሚሄድ ስብስብ ባንክ ይሉታል። ባንኩ የሚኖረው በትራንዚት መንገደኛው ነው፤ ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከዋሽንግተን መጥታ ወደ መቀሌ የምትሻገር እናት፣ ከቤይሩት ወደ አገሯ የምትመለስ ሠራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ የጊዜ መስኮት ውስጥ አውሮፕላን ይቀይራሉ። ስለዚህ በባንክ ሰዓት የሚመጣ የሃያ ደቂቃ መዘግየት የሃያ ደቂቃ መዘግየት ሆኖ አይቀርም፤ ያመለጠ ግንኙነት፣ የሆቴል አዳርና የማግሥት ትኬት ይሆናል።

በዚህ ቦታ ሁለተኛው የነፋስ ገጽታ ይገባል፤ እርሱም በመንደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ የሚነፍሰው ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በመልሱ ግን ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ ከፍታ መነሣት አስቸጋሪ በመሆኑና የምዕራብ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥም፣ በረራው በመንገድ ላይ ለነዳጅ ሲቆም ኖሯል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጠው የላይኛው ከባቢ አየር ፈጣን ነፋስ ሲያይል፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡት አውሮፕላኖች ከመርሐ ግብራቸው ቀድመው ሊደርሱ ይችላሉ። ለመንገደኛው ይህ የምሥራች ይመስላል፤ ለማማው ግን በባንኩ መጀመሪያ ላይ ያልታሰበ ግፊት ነው። የላይኛው ነፋስ ትንበያ የለንደንና የዋሽንግተን ተብለው ከሚጠሩት ሁለት የዓለም አካባቢ ትንበያ ማዕከላት በመደበኛነት ስለሚሰራጭ፣ እያንዳንዱ አውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ብዙ ሰዓታት ቀድሞ ማስላት ይቻላል። የላይኛው ነፋስ አውሮፕላኑ መቼ እንደሚመጣ ይናገራል፤ የታችኛው ነፋስ ስንቱን መቀበል እንደሚቻል ይናገራል። የፍሰት አስተዳደር ማለት እነዚህን ሁለት ንግግሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ነው።

የአየር ትራፊክ ፍሰት አስተዳደር የሚባለው ሙያ መነሻው ቀላል ሐሳብ ነው፤ መዘግየት የማይቀር ከሆነ ሞተር አስነሥቶ በሰማይ ከመዞር ይልቅ ሞተር አጥፍቶ በመሬት መጠበቅ ይሻላል። በአውሮፓ ይህን ሥራ ማዕከሉ ብራስልስ የሆነው ዩሮኮንትሮል ያካሂዳል፤ የመድረሻው አየር ማረፊያ አቅም ከቀነሰ በመነሻው ላይ ያለው አውሮፕላን የተሰላ የመነሻ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድሞ ወይም 10 ደቂቃ ዘግይቶ ካልተነሣ ተራውን ያጣል። በአሜሪካም ተመሳሳዩ ሥራ በቨርጂኒያ ከሚገኝ ማዕከል ይመራል። ሁሉም የሚያስፈልጋቸው የመጀመሪያ ግብዓት ግን አንድ ነው፤ መድረሻው በእያንዳንዱ ሰዓት ስንት እንደሚቀበል የሚገልጽ ቁጥር። ይህ ቁጥር ያለ ነፋስ ትንበያ ሊጻፍ አይችልም።

ትንበያው በቃላት ደረጃ ትክክል ሆኖ በሥራ ላይ ግን ሊያሳስት የሚችልበትን ቦታ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በምኅጻሩ አይካኦ፣ ለአየር ማረፊያ ትንበያ ባወጣው ሥርዓት መሠረት፣ የነፋስ አቅጣጫ ለውጥ በትንበያው ውስጥ እንዲገለጽ የሚያስገድደው አጠቃላይ ወሰን አቅጣጫው በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲለወጥና አማካይ ፍጥነቱ ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ 10 ኖት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አሁን ነፋሱ ከ80 ዲግሪ በ6 ኖት ሲነፍስ ቆይቶ ወደ 250 ዲግሪ በ9 ኖት ዞረ እንበል። አቅጣጫው በ170 ዲግሪ ተገልብጧል፤ ፍጥነቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ከ10 ኖት በታች ስለሆነ አጠቃላዩ ወሰን አልተነካም። ተንባዩ ደንቡን ሙሉ በሙሉ አክብሮ ለውጡን ሳይጠቅሰው ሊያልፍ ይችላል፤ በማማው ላይ ግን በ07 በኩል የሚያርፈው ሁሉ 9 ኖት የኋላ ነፋስ ገጥሞታል። ብዙ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ለማረፍ የተፈቀደላቸው የኋላ ነፋስ 10 ኖት በመሆኑ፣ ከወሰኑ አንድ ኖት ብቻ የሚቀረው ይህ ነፋስ በዚህ ከፍታ ላይ የአቅጣጫ ለውጥ ሊያስገድድ ይችላል።

ደንቡ ራሱ ይህን ክፍተት አስቀድሞ አይቷል። ከአጠቃላዩ ወሰን ሌላ፣ የመንደርደሪያ አቅጣጫ እንዲለወጥ የሚያደርግ ወይም የኋላና የጎን ነፋስን ለአውሮፕላኖች ከተፈቀደው ልክ የሚያሻግር የነፋስ ለውጥ በትንበያ እንዲገለጽ፣ ወሰኑንም የአየር ጠባይ ተቋሙ ከአየር ትራፊክ አገልግሎቱና ከአየር መንገዶች ጋር ተመካክሮ እንዲወስን ይጠይቃል። የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ያርፋል። አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሕጉ ውስጥ ያለውን ምክክር ለእያንዳንዱ አየር ማረፊያ በቁጥር ጽፎ ለሁሉም ማሳወቅ ነው። ለቦሌ የሚሆነው ወሰን ለድሬዳዋ ወይም ለባሕር ዳር የሚሆነው ላይሆን ይችላል፤ ከፍታቸው፣ ተራራቸውና የሚያርፍባቸው አውሮፕላን ይለያያልና።

ሦስተኛው የነፋስ ገጽታ የክረምቱ ነጎድጓድ ነው። በደጋው አገር ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከቀትር በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ይሠራል፤ ዝናቡ ሲወርድ አብሮት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የዚህ ቀዝቃዛ አየር ግንባር በደረሰበት ሁሉ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫውንና ኃይሉን ይለውጣል። እንዲህ ያለው ወራጅ ነፋስ በ1975 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከጣለ በኋላ፣ ሳይንቲስቱ ቴትሱያ ፉጂታ የክስተቱን ባሕርይ አጥንቶ ለዓለም አስረድቷል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ትላልቅ አየር ማረፊያዎች የተተከሉት የዶፕለር ራዳሮች የነፋሱ ግንባር ከ10 እና ከ20 ደቂቃ በኋላ የት እንደሚደርስ ያሳያሉ። መሣሪያው መጀመሪያ የተተከለው ለደኅንነት ቢሆንም፣ 20 ደቂቃ ቀድሞ የታወቀ የነፋስ መዞር የመንደርደሪያ አቅጣጫን በሥርዓት ለመለወጥም ይበቃል። የከሰዓትና የምሽት ነጎድጓድ ከምሽቱ ባንክ ጋር የሚገጥምበት የቦሌ ክረምት ይህን ጥቅም በቀጥታ የሚፈልግ ነው።

ትንበያ እርግጠኛ አይደለም የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ሊያደርስ አይገባም። የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ መንደርደሪያዎች እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ዝቅተኛ የባሕር ደመና ሲሸፍናቸው በሰዓት 60 የነበረው የማሳረፍ አቅም ወደ 30 ይወርዳል፤ ደመናው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበተን የሚተነብዩት ባለሙያዎችም አንድ ሰዓት ብቻ ከመጥራት ይልቅ በእያንዳንዱ ሰዓት የመበተኑን ዕድል በመቶኛ እንዲገልጹ የሚያስችል አሠራር ተዘርግቶላቸዋል። ነፋስም እንዲሁ ነው። «ነፋሱ ይዞራል» ከማለት ይልቅ «ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የመዞሩ ዕድል 30 በመቶ ነው» የሚለው ትንበያ ስሕተትን አስቀድሞ ስለሚያምን ለውሳኔ የበለጠ ይጠቅማል። ለመጥፎው ቀን ተዘጋጅቶ መልካሙ ቢመጣ መንደርደሪያው ባዶ ይውላል፤ ለመልካሙ ተዘጋጅቶ መጥፎው ቢመጣ በሰማይ ላይ ወረፋ ይፈጠራል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ የትኛው እንደሚከብድ ሊመዘን የሚችለው ግን ዕድሉ በቁጥር ሲታወቅ ብቻ ነው።

ይህ ሚዛን የፍትሕ ጥያቄም አለበት። ከዋሽንግተን ወይም ከቤጂንግ የተነሣ አውሮፕላን አንዴ ወደ አየር ከወጣ በመሬት ላይ ሊያዝ አይችልም፤ ትንበያው ሊጸና ሁለት ሰዓት ሲቀረው ገና በመሬት ላይ የሚገኙት ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳና ከጅግጅጋ የሚነሡት የአንድ ሰዓት በረራዎች ናቸው። ዘግይቶ የሚመጣ ትንበያ የመዘግየቱን ሸክም ሁልጊዜ በአገር ውስጥ መንገደኛ ላይ ይጥላል ማለት ነው። ትንበያው ቀደም ባለ ቁጥር ሸክሙን በሩቅ በረራዎች ላይም፣ ለምሳሌ በጉዞ ላይ ፍጥነታቸውን በጥቂቱ በመቀነስ፣ ማካፈል ይቻላል።

በቦሌ ኃይለኛ ነፋስ የሚነፍስበት ቀን ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል። በአውድማ ላይ መንሹን ይዞ የቆመ ገበሬ ለዚህ መልስ አለው። ገለባውን ከምርቱ ለመለየት ብዙ ነፋስ አያስፈልገውም፤ ለስላሳ ነፋስ ይበቃዋል፤ የሚያሳስበው የነፋሱ ኃይል ሳይሆን መዞሩ ነው፤ ነፋሱ የዞረ ዕለት ገለባው በምርቱ ላይና በዓይኑ ውስጥ ይመለሳል። ለአየር ማረፊያም የ9 ኖት ነፋስ በተሳሳተ ሰዓት ከዞረ ከ25 ኖት የማያወላውል ነፋስ የበለጠ ወረፋ ሊፈጥር ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ደብዳቤው ለተቋማቱ የሚከተሉትን ያቀርባል። አንደኛ፣ የአቅጣጫ ለውጥ የሚያስከትሉት የኋላና የጎን ነፋስ ወሰኖች ለእያንዳንዱ ዋና አየር ማረፊያ በሦስቱ ተቋማት ምክክር ተወስነው በጽሑፍ ይታወቁ፤ ተንባዩም ትንበያውን በእነዚህ ወሰኖች ልክ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የነፋስ ትንበያው ከእያንዳንዱ ባንክ በፊት በተወሰነ ሰዓት፣ ቢያንስ ከስድስት ሰዓት፣ ከሦስት ሰዓትና ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ወደ ማሳረፍ አቅም ተመንዝሮ ለማማው፣ ለአየር መንገዱ የኦፕሬሽን ማዕከልና ለመሬት አገልግሎቱ አንድ ዓይነት ሰነድ ሆኖ ይሰራጭ፤ ሦስት ጠረጴዛዎች ሦስት ዓይነት ቁጥር ይዘው እንዳይከራከሩ። ሦስተኛ፣ ለውጡ የሚከሰትበት ጊዜ በዕድል መቶኛ ይገለጽ። አራተኛ፣ የተተነበየውና የሆነው ጎን ለጎን ተመዝግቦ በየሩብ ዓመቱ ይገምገም፤ ሳይለካ የሚኖር ትንበያ ሊሻሻል አይችልምና። አምስተኛ፣ የአየር ጠባይ ተንባዩ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ባይቻል በቋሚ የስልክ መስመር፣ በባንክ ሰዓት እንዲቀመጥ ይደረግ፤ ተንባይ የቁጥሩን ጥቅም የሚማረው ቁጥሩ በሥራ ላይ ሲውል አጠገቡ ቆሞ ሲያይ ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ የወደፊቱን ይመለከታል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባው አዲሱ አየር ማረፊያ በመጨረሻው ምዕራፉ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኞችን በአራት መንደርደሪያዎች እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው፤ ቦሌ ከ2019 እ.ኤ.አ. ማስፋፊያ በኋላ የያዘው አቅም በዓመት 22 ሚሊዮን ነበር። የአይካኦ ምክረ ሐሳብ የመንደርደሪያ አቅጣጫ የሚመረጥበት የነፋስ መረጃ ከ5 ዓመት ባላነሰ ጊዜ፣ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ በእኩል ልዩነት የተመዘገበ እንዲሆን፣ አየር ማረፊያውም ከጊዜው ቢያንስ 95 በመቶው የጎን ነፋስ ሳያግደው እንዲያገለግል ይጠይቃል። ይህ መረጃ ግንባታው ሲያልቅ ወደ መዝገብ ቤት ሊገባ አይገባም። በሥፍራው የሚለካው ነፋስ ሳይቋረጥ ቀጥሎ፣ የተርሚናሉ በር በሚከፈትበት ቀን የፍሰት አስተዳዳሪው በየወሩና በየሰዓቱ ነፋሱ የመዞር ልማዱን የሚያውቅበት መጽሐፍ ሊሆን ይገባዋል። የአንድ ቦታ ነፋስ በገንዘብ የማይገዛ ነገር አለው፤ እርሱም ያለፉት ዓመታት መዝገብ ነው፤ ዛሬ ያልተለካ ነፋስ ነገ በምንም መሣሪያ ሊለካ አይችልም።

ከተጠየቁት ስድስት ነገሮች መካከል አምስቱ በሥራ ላይ ባሉ ሰዎችና በሥራ ላይ ባለው ደንብ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሦስቱ ተቋማት ባለሙያዎቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው፣ «በቦሌ ስንት ኖት የኋላ ነፋስ ሲመጣ አቅጣጫ ይለወጣል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ የተፈረመ መልስ መስጠት ነው። የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት ያ መልስ በጽሑፍ ወጥቶ እንዲታይ ይህ ደብዳቤ በአክብሮት ይጠይቃል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር